ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲከፋው

ማዳጋስካር ውስጥ ወታደሩ ከሰልፈኛው ጋር ወግኖ ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው የወጡ ሰሞን ነው፤ ጥቅምት 2018። ሐዋሳ፣ መናኸሪያው አካባቢ ካለችው ጀበና ቡና ቁጭ ብዬ ስልኬን እነካካለሁ። አጠገቤ ጋሼ አሉ። የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ናቸው። "ምን ተገኘ ደግሞ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "በምን ተነሳ ይላል?" በውሃና በመብራት መጥፋት አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

"የኛም እኮ በውሃ ነው የተነሳው!"

"የኛ" ያሉት የነገሌ ቦረናውን ነው። ከዚህ ከሐዋሳ ተነስተህ በአፖስቶ፣ በሐገረ ሰላም፣ በቦሬ፣ በክብረ መንግሥት አድርገህ የምትደርስባት ነገሌ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው አራተኛ ብርጌድ አመፀ። ምክንያቱን ዛሬ ስትሰማው ተራ ነገር ይመስላል። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። የመኮንኖቹ ጉድጓድ ግን ደህና ይሠራል። ወታደሮቹ ከእሱ እንቅዳ ብለው ጠየቁ። አይቻልም ተባሉ። ምግቡም ቢሆን አፍ የሚያስገባ አልነበረም። ከዚያ አለቆቻቸውን ያዙ። ጃንሆይ ነገሩን እንዲያበርዱ የምድር ጦሩን አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉንም ያዙና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ እነሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው።

ይቺ ነገር ከአእምሮዬ አትወጣም። አልገደሏቸውም። ሥልጣን አምጣ አላሏቸውም። ቅመሱት ነው ያሏቸው። ማመልከቻ መጻፍ ተስፋ የቆረጠ ሰው ማመልከቻውን በሳህን አድርጎ ሲያቀርብ ማለት ነው።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ያመፁትን ማንም አልቀጣቸውም፤ ዜናው በጦሩ የመገናኛ ሬዲዮ ከካምፕ ካምፕ ዞረ። የካቲት ላይ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ተነሳ፣ ቀጥሎ አሥመራ ያለው ሁለተኛ ክፍለ ጦር። ከተማው ውስጥ ደግሞ ነዳጅ ጨምሯል፣ ባለታክሲው ቆሟል፣ አስተማሪው አድማ ላይ ነው። የወሎ ረሃብ የተደበቀበት ንዴት አለ። የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ። ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ፤ ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ ከሻለቃ በላይ ማዕረግ ያለው የሌለበት። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። ከፓምፑ እስከ ዙፋኑ ልክ ስምንት ወር። ዘውዱን ፓምፕ ጣለው የሚል የዋህ የለም፣ እኔም አልልም። ግን መጀመሪያ አፍ ያወጣው ፓምፑ ነው።

ስለ ጦር ኃይልና ስለ ፖሊስ ውስጣዊ ቁጣ ስናወራ ወዲያው ወደ "ማን አቀነባበረው?" እንሮጣለን። አንዳንዴ በእርግጥ አቀነባባሪ አለ። እኔን ግን የሚስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ነው፦ ይሄ ሰውዬ ሲከፋው ለማን ነበር የሚናገረው?

የእዝ ሰንሰለት የሚባለው ነገር ወደ ታች በደንብ ይሠራል። ትእዛዝ ከላይ ሲወጣ በደቂቃ ታች ይደርሳል። ወደ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። የወታደሩ ቅሬታ መጀመሪያ የሚደርሰው ለቅርብ አለቃው ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የተከፋው በዚሁ አለቃ ነው። ራሽኑን የሚሸርፈው፣ ፈቃድ የሚከለክለው፣ አበሉን የሚያዘገየው ሰው ስለ ራሱ የቀረበውን ክስ ወደ ላይ ያሳልፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ጋሼ ይሄን በራሳቸው ደርሶ አይተውታል። ሰሜን ግንባር ሳሉ እናታቸው ሞቱ፣ ለተዝካር ፈቃድ ጠየቁ፣ ሻምበሉ ከለከላቸው። ሌሎች ገንዘብ እየሰጡ ሲሄዱ ስላዩ ነገሩ ከነከናቸው፤ ከሻምበሉ በላይ ላለው ክፍል ደብዳቤ ጻፉ። ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ ሻምበሉ ወረቀት ይዞ መጣ። ጋሼ ከሩቅ የራሳቸውን ጽሕፈት አወቁት። ጥጉ ላይ "ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል" ተብሎበታል። የሚመለከተው ክፍል ሻምበሉ ራሱ ነው! ለሰልፈኛው ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ ፊደል የገደፉበት ቦታ ሲደርስ እየቆመ እየሳቀ። "ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ?" አልኳቸው። "ምን አደርጋለሁ፣ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ግን ልቤ ከዚያ ጦር ወጣ።"

ልቡ የወጣ ወታደር ቁጥሩ አይታወቅም። ስም ሲጠራ "አቤት!" ይላል። ጠመንጃውን ይወለውላል። የሚታወቀው ችግር ሲመጣ ነው።

እዚህ ላይ መፈንቅለ መንግሥትንና የታችኛውን ወታደር ቁጣ ለይቶ ማየት ይጠቅማል፤ ሰዉ ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል። በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ ሞከሩ፤ በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ኮሎኔል መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበሩ ጄኔራሎቹ ሞከሩ፤ እሱም ከሸፈ። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ አምሃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ፣ በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ጦሩ ሁነኛ አዛዦቹን በራሱ መንግሥት እጅ አጣ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ነው የቆየው።

ከላይ የታሰቡት ሁለቱም ከሽፈው ከታች የፈነዳው የ66ቱ ለምን ተሳካ? እኔ እንደሚመስለኝ ጄኔራሎች ምስጢር ያስፈልጋቸዋል፣ ምስጢር ደግሞ ይሾልካል፤ ተራው ወታደር ግን ምስጢር አያሻውም፤ የነገሌው ወታደር ጥማት አሥመራ ላለው ወታደር ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሁሉም ካምፕ ውስጥ ያው ሾርባ፣ ያው ደሞዝ፣ ያው አለቃ ነው ያለው። አንዱ ጮሆ ሳይቀጣ ሲቀር ሌላው "እኔስ?" ይላል።

መንግሥታት ይሄ ሲገጥማቸው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ፦ ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ ይቀጣሉ። አንዳንዴ ሁለቱንም በተራ።

የኛን የቅርቡን አስታውሱ። መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ 240 የሚጠጉ ወታደሮች ከነትጥቃቸው ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ጥያቄያችን ደሞዝ ነው አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አነጋገሯቸው፣ ፑሽአፕ አሠሯቸው፣ አብረውም ሠሩ። ቪዲዮውን ያላየ የለም፤ እኛ ሰፈር ልጆች ለወር ያህል ፑሽአፕ ሲወራረዱ ነበር። ሁላችንም ስቀን ወደ ቤታችን ገባን። ብዙም ሳይቆይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው የሄዱበት ዓላማ ለውጡን ለማጨናገፍ እንደነበር ተናገሩ፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ከመካከላቸው 66ቱን ከ5 እስከ 14 ዓመት እስራት ፈረደባቸው። የትኛው ነው እውነቱ፣ ደሞዝ ወይስ ሴራ? አንድ ሰልፍ ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቤተ መንግሥት በር ድረስ ታጥቆ መሄድ በየትኛውም አገር ከባድ ወንጀል ነው፣ መሆንም አለበት፤ የደሞዝ ጥያቄ ያለው ወታደር ታዲያ በየትኛው በር ነበር መሄድ የነበረበት?

መክፈልም ብቻውን መፍትሔ አይደለም። በፈረንጆቹ 2017 አይቮሪ ኮስት ቡዋኬ ከተማ ውስጥ የቀድሞ አማፂ የነበሩ ወታደሮች ጥር ላይ አመፁ። መንግሥት ፈራና ለ8,400 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 12 ሚሊዮን ሴፋ ፍራንክ እሰጣለሁ አለ። አምስቱን ወዲያው ከፈለ። ያኔ ያላመፁት ወታደሮችና ፖሊሶች ደግሞ ተነሱ። "እኛ ጨዋ ስለሆንን ነው የቀረብን?" ነው ነገሩ። ግንቦት ላይ ቀሪው ገንዘብ ላይከፈል ነው ሲባል የመጀመሪያዎቹ እንደገና ተኩስ ከፈቱ፣ መንግሥት እንደገና እጁን ሰጠ። እናት አንዱ ልጅ ሲያለቅስ ከረሜላ ከሰጠችው ሌላው እንባ ፍለጋ ዓይኑን እንደሚያሸው ነው።

ሦስተኛ መንገድ የሄዱም አሉ። በ1956 ዓ.ም. ጥር ላይ የታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ)፣ የኡጋንዳና የኬንያ ወታደሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው አመፁ፤ ጥያቄያቸው ደሞዝና የእንግሊዝ መኮንኖች ይውጡልን የሚል ነው። ሦስቱም መንግሥታት የቅኝ ገዢያቸውን የእንግሊዝን ጦር ለመጥራት ተገደዱ፤ ነፃ በወጡ ማግስት ይሄ ምን ያህል እንደሚያም አስቡት። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ኡጋንዳ ደሞዝ ጨመረች፣ ወታደሩን እሹሩሩ አለች፤ በሰባት ዓመቱ ኢዲ አሚን መጣ። የታንጋኒካው መሪ ኔሬሬ ጦሩን ሙሉ በሙሉ በትነው ከዜሮ አዲስ መሠረቱ፤ ታንዛኒያ እስከ ዛሬ የተሳካ መፈንቅለ መንግሥት አላየችም። ኔሬሬ አዲሱን ጦር ከፓርቲያቸው ጋር አቆራኝተውታል፤ የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 ደግሞ መከላከያ ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ይሁን ይላል። ስለዚህ ቀድተን የምንለጥፈው ነገር አይደለም።

መበተን ራሱ ዋጋ አለው። ይሄን እኛ በ1983 የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን አይተናል። ጋሼ ከሰሜን በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጫማቸውን መንገድ ላይ በእንጀራ ለውጠው። በ2015 መጋቢት መጨረሻ ደግሞ የክልል ልዩ ኃይሎች ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ ይግቡ ተባለ። ሐሳቡን የሚደግፍ ብዙ ነው፤ እኔም አንድ አገር ውስጥ ያን ያህል ጦር መኖሩ አይዋጥልኝም ነበር። አማራ ክልል ግን ተቃውሞ ተነሳ፣ ከነመሣሪያቸው ከካምፕ የወጡም ነበሩ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጉዳዩ ፖለቲካ ነው፣ አዎ። ግን ካምፕ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው የእንጀራም ጉዳይ ነው፦ ማዕረጌስ? ደሞዜስ? ነገ ማን ያዘኛል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ባጡ ቁጥር ሌላ ሰው መልስ ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ፖሊስ ልምጣ፤ ፖሊስ የተለየ ፍጡር ነውና። ወታደር ካምፕ ይኖራል፣ ፖሊስ ግቢ ተከራይቶ ከእኔና ከአንተ ጋር ይኖራል። የጤፍ ዋጋ ሲጨምር በዜና አይደለም የሚሰማው።

እኛ ግቢ አንድ ፖሊስ ተከራይቷል፤ ወጣት ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት። ደህና የሚባል ሸሚዙ አንድ ነው። ማታ ከሥራ ሲገባ ያጥበውና ገመድ ላይ ያሰጣዋል። ክረምት ላይ የሐይቁ እርጥበት እያለ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ጠዋት በካውያ ሊያደርቀው ይነሳል፤ መብራት ከሌለ እርጥቡን ለብሶት ይወጣል። አንድ ቀን አንገትጌው ላይ ያለውን ውሃ በእጁ እየጠመዘዘ አየሁትና "ለምን አትነግራቸውም፣ ሌላ አይሰጡህም?" አልኩት። "ለማን ልንገር ወንድሜ?" አለኝ። ደግሞ ያው ጥያቄ።

ከመቶ ዓመት በፊት ቦስተን ውስጥ ያለ ፖሊስም ይሄን ሸሚዝ ያውቀዋል። በፈረንጆቹ መስከረም 1919 ከ1,100 በላይ የቦስተን ፖሊሶች ሥራ አቆሙ። ደሞዝ አነሰ፣ ጣቢያው ቆሻሻ ነው፣ ዩኒፎርማችንን በራሳችን ገንዘብ ነው የምንገዛው አሉ። ከተማው ተዘረፈ፣ ሰው ሞተ፤ ሁሉም ተባረሩ፣ አንዳቸውም አልተመለሱም። የሚገርመው ግን በእነሱ ቦታ ለተቀጠሩት አዲሶች ደሞዙ ተጨመረ፣ ዩኒፎርሙም በነፃ ተሰጠ። ጥያቄው ትክክል እንደነበር ታምኗል ማለት ነው፤ የጠየቁት ናቸው ያልበሉት።

እንግሊዞች በዚያው ሰሞን ትንሽ ብልጥ ሆኑ። በ1918 የለንደን ፖሊስ አድማ መታ፣ መንግሥት ደነገጠ፣ ደሞዝ ተጨመረ። በ1919 ሌላ አድማ ሲመጣ አድመኞቹን በሙሉ አባረረ፣ ማኅበርና አድማንም በሕግ ከለከለ። ግን በዚያው ሕግ ፖሊሶች በተወካዮቻቸው በኩል ስለ ደሞዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚናገሩበት ፌዴሬሽን አቋቋመላቸው። አድማውን ወሰደ፣ አፍ ሰጠ። አፉን ሳትሰጥ አድማውን ብቻ ስትከለክል ምን እንደሚመጣ ደግሞ ብራዚል አሳይታለች፦ በፈረንጆቹ 2017 ኤስፒሪቶ ሳንቶ በሚባለው ግዛት ወታደራዊ ፖሊሶች አድማ መምታት በሕግ ስለማይችሉ ሚስቶቻቸው የካምፑን በር ዘግተው ቁጭ አሉ። ባሎቻቸው "እንዴት እንውጣ፣ ሚስቶቻችን ዘጉብን!" አሉ። መንገዱ ያለ ፖሊስ ቀረ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ።

"ታጣቂ ሰው አድማ ይምታ ልትል ነው?" የሚለኝ ይኖራል። አልልም። ጠመንጃ የያዘ ሰው "ካልሰማኸኝ አልሠራም" ሲል ጠመንጃው ራሱ አብሮት እየተናገረ ነው። የኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የጦር ኃይልና የፖሊስ አባላትን አይመለከትም፤ የወንጀል ሕጉም ወታደራዊ አመፅን ከባድ ወንጀል ያደርገዋል። በዚህ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከቀረው ግማሽ ጋር ነው። አድማ ከተከለከለ በምትኩ የሚሰጠው ምንድን ነው?

ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጦራቸውን እንደገና ሲያቋቁሙ ይሄን አስበውበታል። በፈረንጆቹ 1956 ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ የፓርላማው የጦር ኃይል ኮሚሽነር የሚባል ሰው አስገቡ። ማንኛውም ወታደር፣ ከተራው ጀምሮ፣ አለቃውን ሳያስፈቅድ፣ የእዝ ሰንሰለቱን ዘሎ ለእሱ መጻፍ ይችላል። ስለጻፈ አይቀጣም። ኮሚሽነሩ በየዓመቱ ለፓርላማ ሪፖርት ያወጣል፤ ውስጡ ስለ ሻገተ መኝታ ቤት፣ ስለ ጎደለ የክረምት ልብስ፣ ስለ ተሳዳቢ አለቃ ታነባለህ። አንድ ጦር ጉዱን በገዛ ፓርላማው ፊት ሲዘረዝር ማየት ለኛ ዓይን ይከብዳል። ደቡብ አፍሪካም በፈረንጆቹ 2009 ወታደሮች ፕሪቶሪያ ውስጥ የመንግሥቱ መቀመጫ ደጃፍ ላይ ከፖሊስ ጋር ከተጋጩ በኋላ ነው ነገሩ የገባት፤ በፈረንጆቹ 2012 ለወታደሮች የሚሆን እንባ ጠባቂ በሕግ አቋቋመች።

የኛው እንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ዓ.ም. ሲቋቋም የአገር ደህንነትንና መከላከያን የሚመለከቱ የጦርና የፀጥታ ክፍሎች ውሳኔዎች ከሥልጣኑ ውጪ ተደርገዋል። ምስጢር አለ፣ ይገባኛል። ግን የታንኩ ቁጥር ሌላ፣ የሾርባው ነገር ሌላ። በኢሕአዴግ ዘመን ግምገማ ነበር። በጎኑን ላለመካድ፣ ተራው ወታደር አለቃውን ፊት ለፊት "አጥፍተሃል" የሚልበት መድረክ ነበር። ችግሩ ከመድረኩ በኋላ ነው፤ የተገመገመው አለቃ ነገም አለቃህ ነው።

እንግዲህ ካፕሳት የሚባለውን የማዳጋስካሩን ክፍል እዩት። ልዩ ኮማንዶ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም፤ የሰው ኃይልና የአስተዳደር ሥራ የሚሠራ ክፍል ነው። አገር ጥለው የወጡት ፕሬዚዳንት ራጆሊና በፈረንጆቹ 2009 ሥልጣን የያዙት ይሄው ክፍል አምፆ ከእሳቸው ጋር ስለቆመ ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2018 ያው ክፍል ሰልፈኛው ላይ አንተኩስም አለ፤ በስድስት ቀኑ ኮሎኔሉ ማይክል ራንድሪያኒሪና ፕሬዚዳንት ሆነው ማሉ። ይሄን ስነግራቸው ጋሼ ትንሽ አሰቡና "እንዲያ ያመጣህ ሰው፣ እንዲያው ይመልስሃል" አሉ። ቀጠሉና "ግን ውሃውስ መጣላቸው?" አሉኝ።

ማታ ግቢ ስገባ ፖሊሱ ገመዱ ጋ ቆሟል። ስለ እሱ ልጽፍ እንዳሰብኩ ነገርኩት። ደነገጠ። ስምህን አልጠቅስም አልኩት። "ሸሚዙን ጻፈው" አለኝ በመጨረሻ፣ መቆንጠጫውን እያስተካከለ፣ "ሰፈሩን ግን እንዳትጽፍ።"